ፊቷን ሳላይ ኤ የሰጠኋት ልጅ

የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት ሳን ሆሴ ውስጥ፣ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በላይ ባለ ቢሮ ነው። ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ተማሪ የሚቀመጥበት አንድ ወንበር አልነበረውም። ላፕቶፕ፣ ሄድሴትና የይለፍ ቃል ሰጡን። ከዚያ አስተባባሪያችን ዳያና ሥራውን አስረዳችን። ትምህርት ቤቱ ቨርቹዋል ቻርተር ነው። በመንግሥት ገንዘብ ይሠራል፤ የሚያስተዳድረው ግን የራሱ ቦርድ ነው። ልጆቹ ከየቤታቸው በኦንላይን ይማራሉ። አስተማሪው በየወሩ ከእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ናሙና ይሰበስብና ተምሯል ብሎ ይፈርማል። ገንዘቡ የሚመጣው በዚያ ፊርማ ነው።

ልጆቹን የምናገኛቸው መቼ እንደሆነ ጠየቅሁ። ዳያና ፈገግ አለችና በየቀኑ በስክሪን ታገኛቸዋለሽ አለችኝ። የጠየቅኋት ሌላ ነበር፤ እሷም ገብቷታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን በሙሉ ልቤ አምኜው አላውቅም።

ከዚያ በፊት የኖርኩት ሄይዋርድ ውስጥ፣ በመደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው። ጉሮሮዬን ታምሜ ሐኪሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳልናገር አዘዘኝ። ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማስተማር ደግሞ አይቻልም። ለጡረታ ገና ስለነበርኩ ማይክሮፎን ያለበት ሥራ ፈለግሁ።

የቀድሞ ባልደረባዬ ግሎሪያ የት እንደገባሁ ስትሰማ ቅር አላት። ቻርተሮቹ ተማሪ በወሰዱ ቁጥር የእሷ ትምህርት ቤት በጀት ይሳሳል። የሙዚቃ አስተማሪውን ያጡት በዚያው ምክንያት ነው ብላ ታምናለች። «እዚያ የሚማሩት ልጆች በእርግጥ መኖራቸውን በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ተናደድኩባት።

ሁሉም ነገር ውሸት ነው አልልም። የካንሰር ሕክምና ላይ የነበረ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ኦክላንድ ካለ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ፣ የሱፍ ባርኔጣውን ደፍቶ ክፍል ይገባል። አንድ ታሪክ አንብበን በጨረስን ቁጥር መጨረሻው ትክክል አይደለም ብሎ ይከራከረኛል። ይህ ትምህርት ቤት ባይኖር ዓመቱ ይቃጠልበት ነበር ብላ እናቱ ነግራኛለች። እውነቷን ነው። ለዚያ ልጅ ስል የማንንም ክስ እመልስ ነበር።

ሜላት የሪችመንድ ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል። ስሟን ሳይ የእኛ ልጅ መሆኗን አውቄ ደስ ብሎኝ ነበር። ካሜራዋ ግን አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። ማይኳ ተበላሽቷል ብላ በጽሑፍ ትመልሳለች። ሥራዋ በጊዜው ይገባል፤ ስህተት አይገኝበትም። ኤ ሰጠኋት። በሚቀጥለውም ወር ኤ ሰጠኋት።

የከነከነኝ እንግሊዝኛዋ ነው። ሪችመንድ ተወልዳ ያደገች ልጅ የምትጽፈው ዓይነት አልነበረም። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም፣ ጨዋና ኮት የለበሱ ነበሩ። አባቴ ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲጽፍ ይጠቀምባቸው የነበሩ ቃላት አገኘሁባቸው። ከኮምፒውተር የተቀዳ እንዳልል፣ ኮምፒውተር እንዲህ አያረጅም።

ጥርጣሬዬን ለዳያና ነገርኳት። ሥራው ገብቷል፣ ወላጅ ፈርሟል፣ ያንቺ ስሜት ማስረጃ አይሆንም አለችኝ። የልጅቷ ቤት ሄጄ ልያት ስላት ከለከለችኝ። መምህር ቤት ለቤት ሲሄድ ለሚደርስበት ነገር ኢንሹራንሳችን አይሸፍንም የሚል ነበር ምክንያቷ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሷ ዳያና ደወለችልኝ። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ የሚታደስበት የሕዝብ ስብሰባ ደርሷል። የሚመሰክሩ ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። የሜላት ውጤት ከምርጦቹ አንዱ ነው። ቋንቋቸውን ስለማውቅ ቤተሰቡን አናግሬ እንዳመጣ ጠየቀችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩን አገላብጬ አሰብኩት። ስለዚህች ልጅ ጠርጥሬ የነገርኩት ለራሷ ለዳያና ነው። ከዚያ ሁሉ ተማሪ እሷን የመረጠችው ለምንድን ነው? ወይ የነገርኳትን ረስታዋለች፣ ወይ ግድ አልሰጣትም። የትኛው እንደሚብስ አላወቅሁም።

ቤተሰቡን እንዳናግር እስከታዘዝኩ ድረስ ቤታቸው ብሄድ ማን ይከለክለኛል ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ሪችመንድ ሄድኩ።

በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አድርገው ያዩኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከካውንቲው መሥሪያ ቤት ነው ወይ የመጣሽው ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። በአማርኛ ስሜን ተናግሬ የሜላት አስተማሪ መሆኔን ነገርኳቸው። ሰንሰለቱ አልተፈታም። የሥራ መታወቂያዬን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው ፊትና ጀርባውን አነበቡ። ከዚያ አስገቡኝ።

ጋሽ ታደሰ የሜላት አያት ናቸው፤ የእናቷ አባት። በንጉሡ ጊዜ በስኮላርሺፕ ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ በመሐንዲስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነበር፤ የሳምንቱ የባዮሎጂ ትምህርት ተከፍቶበታል። ሊዘጉት አልሞከሩም።

«ጋሽ ታደሰ፣ የሜላትን ሥራ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም «ጽሑፉን እንዴት አገኘሽው?» አሉኝ።

በጣም ጥሩ ነው፤ ያስጠረጠረኝም እሱ ነው አልኳቸው። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገሩኝ። በቀድሞ ትምህርት ቤቷ ልጆች ሜላትን በስልክ ቀርጸው አሹፈውባት ነበር። ቪዲዮው ትምህርት ቤቱን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት አቆመች። እናቷ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። ቨርቹዋል ትምህርት ቤት አለ ሲሏት እፎይ ብላ አስመዘገበቻት። መጀመሪያ ላይ ሜላት ትማር ነበር። እያደር ግን ላፕቶፑን መክፈትም ተወች። ከዚህም ከተባረረች ወደዚያ ወደተሾፈባት ትምህርት ቤት ይመልሷታል ብለው አያቷ ፈሩ። ለጥቂት ቀን ልያዝላት ብለው ጀመሩ። እናቷ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

«ይጠይቁኛል፣ አሳየን ይሉኛል እያልኩ ስጠብቅ ነበር» አሉ። «አንድ ሰው አንድ ቀን ልጅቷን ልያት ቢለኝ እዚህ አልደርስም ነበር። ማንም አላለኝም። እኔም ቀጠልኩ።»

ሜላት ከመኝታ ቤቷ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሹራቧን ኮፍያ እስከ ግንባሯ ስባዋለች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ለማን ልትነግሪ ነው ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ እናትሽ ትስማ፣ ከአንቺ ብትሰማው ይሻላል አልኳት። ከቤት ከወጣሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ ብላት ትከሻዋን ሰበቀች። እጆቿ በጣም ቀጥነው ነበር። በስክሪኑ ላይ ያን ሁሉ ወር የማየው ጥቁር ሳጥን ውስጥ የነበረችው ይህች ልጅ ናት።

ስለ ስብሰባው ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው፤ ዳያና ምን እንደምትፈልግም አልደበቅኋቸውም። ባይመጡ ይሻላል ብዬ መከርኳቸው። እሳቸው ቦታውንና ሰዓቱን ጠየቁኝ።

ስብሰባው ኦክላንድ ነበር። በአንድ ወገን ትምህርት ቤቱ ያደለውን ቲሸርት የለበሱ ወላጆች፣ በሌላው ወገን መፈክር የተጻፈበት ሠሌዳ የያዙ የመምህራን ማኅበር አባላት ተቀምጠዋል። አንዱ ወገን ሌላውን የሚያየው ኪሱ እንደ ተበረበረ ሰው ነበር። በካንሰር የታመመው ተማሪዬ እናት ልጇ ከሆስፒታል አልጋው እንዴት እንደሚማር ተናገረች። ግሎሪያ ተነስታ ማንም ባላያቸው ልጆች ስም ስለሚወጣ ገንዘብ ተናገረች። ጋሽ ታደሰ ከልጃቸው፣ ነገሩን ከሰማችው ከሜላት እናት ጋር ሲገቡ ዳያና ብድግ ብላ ፊት ወንበር ሰጠቻቸው።

ተራቸው ሲደርስ ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው ዝቅ አደረጉ።

«በዚህ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት እየተማርኩ ነው» አሉ በእንግሊዝኛ። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ዕድሜዬ ከሰማንያ አልፏል። የተመዘገበችው የልጅ ልጄ ናት፤ ስሟን አልናገርም። ልጅቷ ታማለች። አንዲት አስተማሪ በሬን እስክታንኳኳ ድረስ ትምህርት ቤቱ እኔን ሲያስተምር ከረመ። ዝጉት አልላችሁም፤ ሌላ መሄጃ የሌላቸው ልጆች አሉ። ሂዱና እዩዋቸው ነው የምላችሁ።»

ከሁለቱም ወገን ያጨበጨበ የለም። የሜላት እናት አባቷን ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

በማግስቱ ሳን ሆሴ ተጠራሁ። ዳያና ንግግሩን ማን እንደጻፈላቸው ጠየቀችኝ። የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው፣ አንቺም የሳቸውን ጽሑፍ ነው ምርጥ ያልሽው አልኳት። የማኅበሩ ሰዎች ልከውሽ ነው ብላ ጠረጠረችኝ። ማታ ደግሞ ግሎሪያ ደውላ፣ ሽማግሌውን ዝጉት እንዳይሉ ያስጠናቸው ትምህርት ቤቱ ነው ወይ አለችኝ።

ፈቃዱ ለአጭር ጊዜ ታደሰ፤ አስተማሪዎች እያንዳንዱን ተማሪ በአካል እንዲያዩ የሚል ግዴታ ተጨመረበት። አፈጻጸሙን አይቻለሁ። አንድ ቤተ መጻሕፍት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን ተቀመጥን። ወላጆች በመኪና እያለፉ መስኮት ዝቅ አደረጉ፤ ልጆቹ እጃቸውን አወዛወዙልን። ታይተዋል ተባለ። የእኔ ኮንትራት በዓመቱ መጨረሻ አልታደሰም።

የሜላት እናት አንዱን ፈረቃ ትታ ልጇን ወደ ሐኪም መውሰድ ጀመረች። በሚቀጥለው ዓመት ሜላት ኤል ሴሪቶ አጠገብ፣ ጥቂት ልጆች በአካል በሚማሩበት ትንሽ የትምህርት ፕሮግራም ዘጠነኛ ክፍልን እንደገና ጀመረች። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ነበር የምትሄደው፤ ጋሽ ታደሰ አብረዋት በአውቶቡስ ሄደው ኮሪደር ላይ ይጠብቋታል። አሁን ብቻዋን ትሄዳለች። ለመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ጽሑፏ ሲ ተሰጣት። ጋሽ ታደሰ አስተማሪዋ ጨክናለች ብለው ደወሉልኝ። እኔ ደስ አለኝ።

ለወጣት አስተማሪዎች የምለው ይህን ነው። ተምሯል ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ልጁን በዓይናችሁ እዩት። እንዳታዩት የሚከለክላችሁ አለቃ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት። የሚሰጣችሁን ምክንያትም ወዲያው አትመኑት።