በቁም ሣጥን ውስጥ የተቀዳው አልበም

ሰውየው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ጠዋት ጠዋት ባትሪና መዝገቡን ይዞ ከበር በር ይዞራል። ያንኳኳል፣ «የውሃ ቆጣሪ!» ይላል፣ አጎንብሶ ክዳኑን ይከፍታል፣ የሸረሪት ድሩን በጣቱ ይጠርጋል፣ ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሯል። የሚዞርበት ሰፈር ሰው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው የሚያውቀው ብል አላጋነንኩም። ባጎነበሰ ቁጥር ስለሚያንጎራጉር ደግሞ «አንጎራጓሪው» ብለውታል።

ሳያገባ በፊት የሚያንጎራጉረው የራሱን የመለያየት ዘፈኖች ነበር። ጥላኝ ሄደች፣ ከዳችኝ፣ መንገድ ላይ ቀረሁ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ጥላው የሄደች ሴት አልነበረችም። መጀመሪያ ነገር የመጣችም አልነበረችም።

በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ገብቶ ቆጣሪ ሲያነብ፣ ሴትዮዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ይሄ ዘፈን ያለቅሳል እንጂ አይዘፍንም፤ ማን ሞቶብህ ነው?» አለችው። ቁጥሩን እንኳ ሳይጽፍ ወጣ። በሚቀጥለው ወር ቆጣሪዋን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ በሦስተኛው ወር አራት ጊዜ። በዓመቱ ተጋቡ።

በትዳር ሁለተኛው ዓመት ሚስቱ ስታረግዝ፣ አንጎራጓሪው አልበም ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ዘጠኝ ዘፈን፣ ዘጠኙም ስለ ትዳርና ስለሚመጣው ልጅ። አንዷ መብራት ለማጥፋት ማን ይነሣ በሚል ስለሚጣሉ ባልና ሚስት ናት። አንዷ «ለአንድ ቀን» ብላ መጥታ ሳምንት ስለምትከርም አማት ናት፤ እሷን አማቱ እንዳይሰሟት ብዙ ተጠንቅቋል። ሙዚቃውን የሚያቀናብርለት የልጅነት ጓደኛው ግን የመጀመሪያውን ቅጂ ሰምቶ ፊቱን አኮማተረ።

«ክፍልህ ያስተጋባል። ልብስ የሞላበት ቦታ ፈልግ፤ ድምፅ የሚውጥ።»

ልብስ ከተባለማ የልብስ ሰፊ ቤት ምን ጎድሎት! የሚስቱ ቁም ሣጥን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፤ ቀሚሱ፣ እጅጌ ያልገባለት ኮት፣ የተራረፈው ጨርቅ ሁሉ ታጭቆበታል። አንጎራጓሪው ዱካ ይዞ ይገባል፣ ማይኩን በልብስ ማንጠልጠያ ላይ ያስራል፣ በሩን ከውስጥ ይዘጋል። ድምፁ ሞቅ ለስለስ ብሎ ይወጣለታል። ሚስቱ ከውጭ ሆና «ሌባ የደበቅኩ ነው የምመስለው፤ ሰው ቢመጣ ምን እላለሁ?» እያለች ትስቃለች።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ፣ ሆዷም ሰባት ወር ገፍቶ፣ ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ለማንም አልተናገርኩትም። ልጁን ባልወደውስ ብዬ እፈራለሁ። ሁሉም፣ ሲወለድ ፍቅሩ አብሮ ዱብ ይላል ይሉኛል። እኔ ጋ ባይመጣስ?»

እጇን ጭብጥ አደረገ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጎነብስ ሰንብቷል፣ ምሳውንም በደንብ በልቷል፤ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ የሚስቱ ቃል ጆሮው ላይ አለ። ብድግ ብሎ ሰባተኛዋን ዘፈን ጻፈ፤ «ባልወደውስ» ብሎ ሰየማት። በማግስቱ ቁም ሣጥን ገብቶ ቀዳትና ለጓደኛው ላከለት። ሚስቱን አልጠየቃትም። ይሄ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ዘፈን ሲመጣለት ግን ጭንቅላቱ ከትከሻው ላይ ይነሣል።

አቀናባሪው ጓደኛው ደስታው አላስችል ብሎት በቀጥታ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄደ። ሁለት ደንበኞች ፊት ስልኩን ከፍቶ «ይህቺን ስሚ! አንጀት ትበላለች» አላት። ሚስት ስፒል በከንፈሯ ይዛ የአንዷን ደንበኛ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። ደንበኛዋ «ውይ፣ ምን ዓይነቷ ናት ልጇን የማትወድ!» ስትል እንኳ አልተነፈሰችም።

ቤት ሲገናኙ ግን ተነፈሰች።

«ለማንም አልተናገርኩም ስልህ፣ ለሁሉም ንገርልኝ ያልኩህ መሰለህ?»

«ስምሽን አልጠራሁም እኮ...»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሱ ደግሞ ወለም ባለው ላይ ቆመበት። ሚስቱ አልጮኸችም። ልብሷን ከቁም ሣጥኑ አውጥታ በሦስት ትልልቅ ጥቅል አሰረችና «እስክወልድ እናቴ ጋ እሆናለሁ» አለች። ከወለደች በኋላስ? አልነገረችውም።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ የቀሩት አንድ ጃኬትና ሁለት ሱሪ ናቸው። ስምንተኛውን ዘፈን ሊቀዳ ገብቶ አፉን ቢከፍት ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸበት። ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ ፍራሽ አቆመ፤ ወይ ፍንክች። እዚያው ጨለማ ውስጥ ዱካው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ትቀርብኝ ይሆን የሚለው አንድ ፍርሃት ነው። የባሰው ግን ሌላው ነበር፤ ያ የነገረችው ነገር እውነት ቢሆንና፣ ያን ጊዜ የምታምነው ሰው ብታጣ፣ ያሳጣት እሱ ነው።

በማግስቱ ሰባተኛዋን ዘፈን ደመሰሳት፤ ከጓደኛው ዘንድ ያለውንም ቅጂ ዓይኑ እያየ አስጠፋው።

«አብደሃል? አልበሙ ማለት እኮ እሷ ናት!» አለ ጓደኛው።

«እሷማ እናቷ ቤት ናት» አለ።

ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ አማቱ በር ላይ ይቆማል። አማት በሩን ገርበብ አድርገው «ቆጣሪ ልታነብ ከሆነ ጓሮ ነው፤ ልጄን ልታይ ከሆነ ተኝታለች» ይሉታል። ዓይኑን በጨው አጥቦ በማግስቱም ይመጣል። አንድ ቀን የሚያፈስ ቧንቧቸውን ጠገነላቸው። «ቧንቧውስ ተሠራ» አሉና በሩን ዘጉት።

ስልኩ ሲጠራ የሰው ግቢ ውስጥ አጎንብሶ ነበር። አማቱ ናቸው። «ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው። ና!» የቆጣሪውን ክዳን ሳይገጥም በረረ።

ሚስቱ አልጋው ላይ ደገፍ ብላ ሕፃኗን ዘረጋችለት። «ያዛት» አለች። ያዛት፤ እንባው መጣ። ሚስቱ እሱን ብቻ ታየዋለች። ያን ቀን ሌላ ቃል አልተነጋገሩም፤ በማግስቱም እንደዚያው።

በሦስተኛው ቀን አማት ለአንድ አፍታ ወጣ ሲሉ ራሷ ጀመረች።

«ሁለት ቀን ምንም አልተሰማኝም። የሰው ልጅ ያቀፍኩ ነው የመሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ስታዛጋ ቁርጥ አንተን! ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲያ እናቴ እንኳ ስታቅፍብኝ እናደዳለሁ።»

እፎይ! ልብሷን ጠቅልላ ከሄደች ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲወርድ ታወቀው።

«ዘፈኗን ምን አደረግካት?»

«ደመሰስኳት። ጓደኛዬ ጋ ያለችውንም።»

ሕፃኗን አስተካክላ አቀፈች። «ሰው ፊት ስላወጣኸኝ በጣም ነው የከፋኝ። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ያወጣኸው ግማሹን ነው።»

«እንዴት ግማሹን?»

«ያን ቀን ‹ባይመጣስ› ካልኩህ በኋላ ምን አልኩህ?»

«እጅሽን ይዤ ነበር...» አለ አንጎራጓሪው።

«ታንኮራፋ ነበራ! ለግድግዳው ነው የነገርኩት። ‹ካልመጣልኝ አንተ ስትወደው እያየሁ እለምዳለሁ› ነበር ያልኩት። አንተ ለሚያፈስ ቧንቧ እንኳ የምታዝን ሰው ነህና።»

እጇን ስሞ ይቅርታ ጠየቃት። ከእሷ ቀድመው ሦስቱ ጥቅሎች ወደ ቤት ተመለሱ፤ እሱ ራሱ ነው ተሸክሞ ያመጣቸው። ልብሶቹ ሲሰቀሉ ቁም ሣጥኑ እንደገና ዝም አለ፤ አሁን የሕፃኗ ፎጣዎችም ተጨምረውበታል። ሚስቱ ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀመጠችና «በል አሁን እንደገና ጻፋት፤ እስከ መጨረሻዋ» አለችው። ሲያነብላት ሁለት ቦታ አረመችው። አንዱን እርማት ተከራከራት፤ ተሸነፈ።

አልበሙ ከወጣ ጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አይቶት የማያውቀውን በር አንኳኳ። ከውስጥ ሰባተኛዋ ዘፈን ትሰማለች። በሩን የከፈተችው ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ናት። «የውሃ ቆ...» ከማለቱ እጇን አነሣች።

«ቆይ፣ ትጨርስ።»

እሱም መዝገቡን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆመ። የራሱን ዘፈን እስከ መጨረሻዋ ሰማት። ስታልቅ ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች፤ «እኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ» አለች፣ ለእሱ ይሁን ለራሷ አልታወቀም። ከዚያ ቆጣሪውን አሳየችው።

ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤት ሮጠ። ሚስቱ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ ጋደም ብላለች። አጠገቧ ተቀምጦ ከበሩ ማንኳኳት ጀምሮ ይነግራት ገባ። ሴትዮዋ እጇን ማንሣቷ ጋ ሲደርስ ቀና ቢል፣ እናትና ልጅ እኩል ያንኮራፋሉ።

እስክትነቃ ጠበቃት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረ።