ከሞተ በኋላ የላከው ደብዳቤ

ይህ ነገር የደረሰው በባድመው ጦርነት ጊዜ፣ እዚሁ ጅጅጋ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። በታይፒስትነት ዘመኔ የጻፍኩት ወረቀት ቢቆለል ቤት ይሞላል፤ ሁሉንም ረስቼዋለሁ። አንዲት ገጽ ደብዳቤ ግን እስከ ነጥቧ ድረስ ትዝ ትለኛለች። እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን ግን እጽፈዋለሁ፣ የሚታዘበኝም ይታዘበኝ።

እትዬ የሻረግ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው ወታደር ነበሩ፤ በሶማሊያው ጦርነት ካራማራ ላይ ሲወድቁ እትዬ የሻረግ ነፍሰ ጡር ነበሩ። የተወለደው ልጅ ታደሰ ነው። ሌላ ልጅ የላቸውም፣ ሌላ ባልም አላገቡም። ያ አንድ ልጃቸው አደገና እሱም እንዳባቱ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ።

ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤያቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት «ጸሐይዬ፣ በይ ብዕርሽን ያዥ» ይሉኝና «ብርድ እንዳይመታህ ካልሲህን ደርብ፣ የአባትህ አምላክ ይጠብቅህ» እያሉ ያስጽፉኛል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ክርስትና ስሙን፣ ወልደ ገብርኤልን፣ ያስጨምሩኛል። «ታደሰን ጥይትም ያውቀዋል፣ በዚህ ስሙ የሚያውቀው ግን እግዜር ነው» ይላሉ። እስቃለሁ፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ አርብ ቀን ሃምሳ አለቃ ደጀኔ ቢሮዬ ድረስ መጡ። የእድራችን ሰብሳቢና ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ፊታቸውን ሳይ ክው አልኩ። ከታደሰ ጋር በአንድ ጋንታ የነበረ አንድ የሐረር ልጅ፣ ክንዱን ቆስሎ ፈቃድ ተሰጥቶት፣ ገና እናቱን እንኳ በቅጡ ሳያይ ወደ ጅጅጋ መጥቶ ነግሯቸዋል። ታደሰ ከደብረ ዘይት በኋላ በነበረው ረቡዕ ወድቋል። የቀበረውም ያው ጓደኛው ነው።

«መርዶው በወጉ ነው የሚነገረው» አሉኝ ሃምሳ አለቃ። «አሁን ፋሲካ ደርሷል። በዓመት በዓል ሰው አይረዳም። ደም ግፊትም አለባቸው። እህታቸው ከአዲስ አበባ ትምጣ፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንነግራቸዋለን። አንቺ ደብዳቤ ስለምትጽፊላቸው ነው የነገርኩሽ። አደራ፣ ፊትሽ ላይ ምንም እንዳያነቡ!»

ወጉ ያው ነው፣ ምን ብዬ ልከራከር? በማግስቱ ቅዳሜ እንደተለመደው ተቀመጥኩና ለሞተ ሰው «ካልሲህን ደርብ» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ቢሮ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

አላስችል ቢለኝ ለሂቦ ነገርኳት። ሂቦ ከኛ በር ፊት ለፊት የምትኖር ሶማሌ ናት፤ የግመል ወተት ትሸጣለች። «አባዮ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እና ለእናቱ አልነገራችሁም?»

«ከፋሲካ በኋላ ይነገራል፣ ወጋችን ነው» አልኳት።

«ወላሂ እናንተ ጉደኞች ናችሁ! እኛ ጋ ሞት ለአንድ ሰዓት አይደበቅም። የሞተ ሰው ዱዓ ነው የሚፈልገው። እናቱ ካልጸለየችለት ማን ሊጸልይለት ነው? አቦ ተይኝ፣ ፈርታችሁ ነው!» ብላ ጄሪካኗን አንስታ ሄደች።

ተናደድኩባት። እሷ ምን አገባት አልኩ።

ሆሳዕና ሲቃረብ ደግሞ እትዬ የሻረግ እህል አልወርድ አላቸው። ከልጃቸው ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ወር አልፎታል። ጾሙ አንሶ ውሃ እንኳ በልመና ሆነ። ሃምሳ አለቃ ጨነቃቸው። «ሴትዮዋ መርዶውን ሳይሰሙ ሊሞቱብን ነው። እባክሽ በሱ ስም ሁለት መስመር ጻፊላቸው፣ ፋሲካን ይሻገሩበት» አሉኝ።

ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! ጻፍኩ። ሁለት መስመርም አልበቃኝ፣ አንድ ገጽ ሞላሁ። «ውድ እናቴ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፣ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር» ብዬ ጀመርኩ። ካልሲውንም ደርቤአለሁ አልኩ። ራሴ ይዤላቸው ሄድኩ፣ ራሴም አነበብኩላቸው።

እልል አሉ። አራት ጊዜ አስነበቡኝ። «እጁ ነክቶታል እኮ» እያሉ ፊታቸውን በወረቀቱ ያብሱበት ጀመር። የነካው የኔ እጅ ነው። ከዚያ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ያን ዕለት ማታ ሽሮ በሉ። ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ «አየሽ፣ ጽድቅ ነው የሠራሽው» አሉኝ። እኔም እውነት መሰለኝ።

ፋሲካ እንዴት ያለ ፋሲካ ሆነ መሰላችሁ! ለካ እትዬ የሻረግ ደህንነቱን ከሰማሁ ብለው ለቤተ ክርስቲያናችን ጃንጥላ ተስለው ኖሯል። ስለቴ ሰመረ ብለው ጃንጥላውን ገዙና ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሁድ ዳቦ ደፍተው ሊያስገቡ ተነሡ። ሃምሳ አለቃ ቤት ሮጥኩ። «ኧረ በማርያም፣ ዛሬውኑ እንንገራቸው!» አልኳቸው። «እህታቸው መኪና አጥታ ዘገየች እንጂ ሰኞ ትገባለች። ይህን ያህል ቆይተን ለሁለት ሦስት ቀን?» አሉኝ።

ቅዳሜ ማታ እትዬ የሻረግ ብጣሽ ወረቀት ይዘው መጡ። «ቄሱ የሚጸልዩለትን ስም ጻፊልኝ፣ ወልደ ገብርኤል በይ» አሉኝ። ጻፍኩ። ቄሱም አልተነገራቸውም ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላውን ተቀብለው፣ ወረቀቱን አንብበው፣ «ዘማች ወንድማችንን ወልደ ገብርኤልን በሰላም ወደ እናቱ ቤት ይመልስልን» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ሃምሳ አለቃ አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ዳቦው ተቆርሶ ደረሰኝ፤ በላሁት።

ስንመለስ እትዬ የሻረግ ለሂቦም ቁራሽ ሰጧት። «እንኪ፣ የልጄ የደስታ ዳቦ ነው» አሏት። ሂቦ በሁለት እጇ ተቀበለች። አልበላችውም። አንገቷን ደፍታ በዓረብኛ የሆነ ነገር አነበነበች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ።

ማክሰኞ ገና ጎህ ሳይቀድ ሄድን። ሃምሳ አለቃ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የመጡት እህታቸውና እኔ። እትዬ የሻረግ በሩን ከፈቱ። በዚያ ሰዓት ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቁታል፣ አንዴ ደርሶባቸዋል። አልጮሁም።

«መቼ?» አሉ።

«በሁዳዴ ነው፣ እንግዲህ እግዜር...» ሲሉ ሃምሳ አለቃ፣

«ቀኑን!»

«ከደብረ ዘይት በኋላ ረቡዕ።»

ደፉ ላይ ቁጭ አሉና በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሁላችንም ቆመን እናያቸዋለን። ጣታቸው አለቀ፣ ደገሙ፣ ደግሞ አለቀ። አራተኛው ላይ ቆሙ።

«እሁድ አርባው ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው። «በልጄ አርባ ዳቦ ቆርሼ እልል ያልኩት እኔ ነኝ?»

እምላለሁ፣ እኔ አልቆጠርኩም ነበር። ማናችንም አልቆጠርንም። ሃምሳ አለቃ እየተንተባተቡ፣ ዘግይቶ የተሰማ መርዶ ፍትሐቱ ከተሰማበት ቀን ይታሰባል፣ ምንም አይቀርበትም አሉ።

«ነፍሱ የናንተን መርዶ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች?» አሉ እትዬ የሻረግ። «አባቱን በሦስተኛው ቀን ነገሩኝ። ከነሆዴ ሄጄ ፍትሐቱን አስደረግሁ፣ አርባውን አወጣሁ። አስከሬኑን አላየሁ፣ መቃብሩን አላውቅ፤ ግን ያችን አደረግሁለት። ለልጄ ያችን እንኳ ነፈጋችሁኝ?»

ከዚያ ደብዳቤውን ከደረታቸው አወጡ። «ይሄንንስ ማን ጻፈው?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ያ ሁሉ ጦርነት የገቡት ሃምሳ አለቃም። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንብቢልኝ።»

«እትዬ የሻረግ፣ በእመቤቴ...»

«አንብቢ እኮ ነው የምልሽ!»

እዚያው፣ መርዶ ሊነግር በመጣው ሰው ሁሉ ፊት፣ አነበብኩ። «ውድ እናቴ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።» አንድ መስመር ስዘል ያውቁብኛል፤ በቃላቸው ይዘውታል። «ዘለልሽ» ይሉኛል፣ እመለሳለሁ። እስከ መጨረሻው አስነበቡኝ። የጮሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው።

ፍትሐቱ ተደረገ። ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱም ወጣ። በሁሉም ላይ ወጥ ስሠራ፣ ዕቃ ሳጥብ ዋልኩ። ሰላምታ አልነፈጉኝም፣ ታምሜም አጥሚት ይዘው ጠይቀውኛል። ደብዳቤ ግን ዳግመኛ አላስጻፉኝም፤ ለቄሱ የሚሰጡትን ስም እንኳ ዲያቆን ጠርተው ነው የሚያስጽፉት። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» ይሉኛል፣ እንደማንኛውም ሰው። የራሳቸውን አይጨምሩም።

አንዳንዴ ሌሊት እነቃና «በደግነት እኮ ነው ያደረግሁት» እላለሁ። ውሸቴን ነው። እውነቱን ለመናገር የሳቸውን ለቅሶ ፈርቼ ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ አልጋ ያዙ። እንደማይነሡ ሳውቅ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። «እግዜርስ ይሁን፣ እርስዎስ ይቅር ብለውኛል?» አልኳቸው በግልጽ። ቁጣ የለባቸውም።

«እኔን ምን አረግሽኝ?» አሉኝ። «እኔማ በውሸትሽ ፋሲካን ፈስኬበታለሁ። ያጎደልሽው የልጄን ነው። እሱን ጠይቂው።»

በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። እኔም ይኸው በየወሩ ወልደ ገብርኤል ብዬ ስሙን ለቄሱ እሰጣለሁ፣ ከሙታን ጋር ይጠሩልኛል። ቆሜ አሜን እላለሁ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም፣ የሚነግረኝም የለም።