አሞራ የሚያባርሩት ሴት

ለሞተ ሰው ማልቀስ የሚያስቀጣበት የቀይ ሽብር ዘመን ነበር። ከላሊበላ በታች ካለው ገደል ሥር አንድ ወጣት ተገድሎ ወድቋል። ማንም እንዳይቀብረው አፋፉን የሚጠብቀው አብዮት ጠባቂው ሸጋው ነው።

ሴትዮዋ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው አፋፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥንብ አንሳ ወደ ሬሳው ዝቅ ባለ ቁጥር በወንጭፍ ያባርራሉ።

«እማማ፣ ልቅሶ ክልክል ነው» አላቸው ሸጋው።

«መች አለቀስሁ? አሞራ ነው የማየው። እሱም በአዋጅ ተከለከለ?»

አጥንት ከአለት ላይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማም አሞራ ከሁሉም በላይ ይዞራል። እሱን አይወነጭፉትም።

«ይኸ እንኳ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ተራውን ይጠብቃል» አሉ። «እናንተ ግን ክርስቲያኑን ለአፈር ከልክላችሁ ለአሞራ ሰጣችሁት። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

ሸጋው ዓይኑን ከሴትዮዋ አሸሸ።

«ልጅዎ ነው?»

«አላውቀውም። የኔን ደሴ መንገድ ዳር ጣሉት፤ አጠገቡ እንዳልደርስ በሰደፍ መለሱኝ። ለሱም እግዜር እንዲህ የምትቀመጥለት ሴት አላሳጣውም ብዬ አምናለሁ» አሉና ወንጭፋቸው ላይ ሌላ ድንጋይ አኖሩ።