መቶ አርባ አራት ሄርዝ

ለሥራ ኮምቦልቻ ከወረድኩ ወዲህ ብቸኝነቴን የማስታግሰው በእሑድ ጨዋታ ነበር። አብሮ አደጌ ደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቱ፣ እኔም ከኪራይ ክፍሌ ሆነን በኢንተርኔት ኳስ እንጫወታለን። ሳምንቱን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው "እንደምን አደራችሁ" እና "ወራጅ አለ" ብቻ ስለነበር፣ እሑድን እንደ ዓመት በዓል ነበር የምጠብቃት።

ከዚያ እሱ መቅረት ጀመረ።

"ስክሪኔ እየተንቀራፈፈ አስቸገረኝ፤ አልደርስብህም" አለኝ።

አመንኩት። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የስክሪን ነገር መድኃኒት አለው። የሁለታችንም ስክሪን አንድ ዓይነት ነው። በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ፣ ማለትም በመቶ አርባ አራት ሄርዝ፣ ምስል ማደስ እየቻለ ኮምፒውተሩ ስልሳ ላይ ያስረዋል። እኔም ይህን እስካውቅ ድረስ ለወራት በቅሎ ገዝቼ በእግሬ ስሄድ ነበር።

ደወልኩና አንድ በአንድ መራሁት። "ባዶው ቦታ ላይ የማውሱን ቀኝ ተጫን። የስክሪን ማስተካከያው ውስጥ ግባ። ስልሳ የሚለውን መቶ አርባ አራት አድርገው።"

"እሺ... እሺ... አገኘሁት። ቀየርኩት።"

"ማውሱን እስቲ አንቀሳቅሰው። ልዩነት የለውም?"

"ቅቤ ሆነ!"

"ወላሂ በል!"

"ኧረ ተወኝ በአላህ፣ ለጨዋታ ወላሂ አይባልም።"

ድሮም ለመሐላ ጥንቁቅ ነው። ሃይማኖተኛነቱን አደነቅኩ እንጂ ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲህ ያለሁ ሞኝ ነኝ።

እሑድ ግን አልገባም። በቀጣዩም እሑድ ቀረ። አንዳንድ የስክሪን ገመድ ያን ፍጥነት ስለማይችል፣ ችግሩ ገመዱ ይሆናል ብዬ አዲስ ገዛሁለትና ሳልነግረው ወደ ደሴ ወጣሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቱ ናት። ስክሪኑ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ የሕፃን ልብስ ተቆልሏል። ገመዱን እጄ ላይ ስታይ ግራ ገባት።

"ኮምፒውተሩን ከሸጠው እኮ ቆየ፤ ልጃችን ሳይወለድ። አልነገረህም እንዴ?"

ጓደኛዬ ከውጭ ሲመለስ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። እኔ "ተጫን" እያልኩ ስለፋ እሱ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ሆኖ "እሺ" ሲለኝ እየታየኝ በግኛለሁ።

"ለምን ዋሸኸኝ?" አልኩት።



"ጨዋታው ከቀረ የምትደውልልኝ አልመሰለኝም" አለኝ።

እንዴት እንዲህ ታስበኛለህ ልለው ነበር፤ ግን ልጅ መውለዱን የሰማሁት ያን ቀን፣ ከሚስቱ አፍ ነበር።