የፈተና ቀን ሹክሹክታ

ልጆችን ንባብ ስፈትን አፌንና አፍንጫዬን በሻርፕ እሸፍናለሁ። አዲስ ወላጆች የአሰላ ብርድ ያስቸገረኝ ይመስላቸውና «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ይሉኛል። በር ላይ ሆነው ልጆቹን ተራ የሚያስይዙት አንጋፋዋ የኬጂ ሦስት መምህርት ግን ነገሩ የብርድ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሻርፑን ስጠመጥም ባዩኝ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይስቃሉ። እኔም ስቃቸውን ችዬ እቀመጣለሁ፤ ይገባኛል።

ጠርጣራ ነኝ። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ከምክሯ ሁሉ የያዝኩት ይህንን ብቻ ይመስለኛል። ወተት ስገዛ ጠብታዋን አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አድርጌ ውሃ መግባት አለመግባቱን አያለሁ። ቅቤ ስገዛ ከላይ ያለውን አላምንም፤ ስንጥር ሰድጄ ከመሃል አውጥቼ ነው የማሸተው። ባለቤቴ «አንቺ መንግሥተ ሰማያት ብትደርሺ እንኳ በሩ ወርቅ መሆኑን ሳትፍቂ አትገቢም» ይለኛል። እኔ ደግሞ ለምን እንደሚስቅብኝ እጠረጥራለሁ።

ባለቤቴ ወደ አሰላ ሲመደብ ከናዝሬት ተከትዬው መጥቼ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ተቀጠርኩ። የተሰጠኝ ኬጂ ሁለት ነበር። የምመኘው ግን ኬጂ ሦስትን ነው። ኬጂ ሦስት ልጆች ማንበብ የሚጀምሩበት፣ ወላጅ የሚኮራበት፣ ዳይሬክተሩም እንግዳ ሲመጣ በሩን ከፍቶ የሚያሳየው ክፍል ነው። ክፍሉን የያዙት ደግሞ እኚሁ የበቆጂ ተወላጅ መምህርት ነበሩ። ጴንጤ ናቸው፤ ጠመኔ ይዘው መዝሙር ያንጎራጉራሉ። የማዳበሪያ ጆንያ ቀድደው፣ አጥበው፣ ፊደልና ሥዕል በቀለም ይጽፉበትና ግድግዳው ላይ ይሰቅሉታል። ልጆቹን ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ያናግሯቸዋል። የእኔ ኦሮምኛ ያኔ ከገበያ አያልፍም ነበር፤ ሰው በማልሰማው ቋንቋ ሲያወራ ደግሞ ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኛል።

በትምህርት ቤታችን በሰኔ ፈተና ማንም የራሱን ክፍል አይፈትንም። በዚያ ዓመት ኬጂ ሦስትን የመፈተኑ ዕጣ ለእኔ ደረሰ። ያነበቡትን ይረዱ እንደሆነ የሚለካውን ካርድ ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ዝናብ ዘነበ፤ ድመቷ በረዳት፤ ጎተራ ሥር ገባች፤ ልጅቷ ፈለገቻት፤ አገኘቻት። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ከዚያ ካርዱን እቀበለውና ሦስት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ምርጫ በቃሌ እነግረዋለሁ። ድመቷ የት ገባች? አልጋ ሥር፣ ጎተራ ሥር፣ ወንበር ሥር? ካርዱን አባዝቼ በፖስታ አሸግኩት። አንዷን ቅጂ ግን የማባዣው ማሽን ላይ ረስቻት ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ነው ያገኘኋት። በኋላ ያቺ ሻይ ብዙ አሳሰበችኝ።

በፈተናው ቀን የገባችው የመጀመሪያዋ ልጅ ፊደሉን አንድ በአንድ እንደ ጠጠር እየለቀመች አነበበች። «ዝ... ና... ብ።» መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያውን የረሳችው መሰለኝ። የሆነ ሆኖ ጥያቄዬን ጠየቅኳት። ምርጫዎቹን ቀስ ብላ ደገመቻቸው፤ «አልጋ ሥር... ጎተራ ሥር» አለችና እዚያው ቆመች። ትክክል። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም መለሰች። ቀጥሎ የገባው ልጅ ከእሷ የባሰ አንባቢ ነበር፤ እሱም ሦስቱንም መለሰ። ሦስተኛዋም እንደዚያው። ሁሉም ምርጫዎቹን ይደግማሉ፤ ሁሉም ትክክለኛው ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። እንዲህ እየተንተባተበ የሚያነብ ልጅ እንዴት ይህን ያህል ይረዳል? ውስጤ ያለችው ጠርጣራ ሴትዮ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

ተነስቼ በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። መምህርቷ ተራው የደረሰውን ልጅ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ጎንበስ ብለው በጆሮው የሆነ ነገር ይሉታል። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ወደ እኔ ገባ። ሦስቱንም መለሰ።

ያኔውኑ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼ ከእያንዳንዱ ልጅ በፊት እመለከት ጀመር። ሁሌም እጅ ራስ ላይ፣ ሁሌም አፍ ጆሮ ላይ። ቃሉን ግን ልይዘው አልቻልኩም፤ ኦሮምኛ ይሁን አማርኛ አልለየሁትም። ከሰዓት በኋላ ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣ በረዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ ደበደበው። ጥያቄውን እየጮህኩ ነበር የምጠይቀው። በዚያ በረዶ መሃል የተፈተኑት አራት ልጆች አንድም አልመለሱም፤ ዓይን ዓይኔን ብቻ አዩኝ። ይህንንም ለጥርጣሬዬ መገብኩት። መልሱ በተጠናበት ቀን የቀሩ ይሆናሉ ብዬ የስም መቆጣጠሪያውን ገለጥኩ። ከአራቱ አንዷ በእርግጥም ሰኞ ዕለት ቀርታ ነበር። ለጠርጣራ ሰው አንድ ማስረጃ ይበቃዋል።

አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ ለዳይሬክተሩ ሰጠሁት። ማሽኑ ላይ የተረሳችውን ካርድ፣ ሹክሹክታውን፣ የቀረችውን ልጅ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ዳይሬክተሩ ድንጋይ ፊት ያለው ወጣት ነው፤ ደስ ሲለውም ሲከፋውም አይታወቅበትም። ሌላ ታሪክ አዘጋጅቶ ልጆቹን ራሱ እንደገና ፈተናቸው። ከሁለት ከሦስት ልጆች በቀር ሁሉም ወደቁ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል?

መምህርቷ ተጠሩ፤ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ።

«እኔ ልጆቹን መልስ አላስጠናሁም» አሉ።

«ታዲያ በጆሯቸው ምን ይሏቸው ነበር?» አልኳቸው።

«ጸሎት ነው፣ ልጄ።»

ፈገግ አልኩ። ያን ፈገግታዬን ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። ቀና ብለው አዩኝ፤ የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ዳይሬክተሩ ከመስከረም ጀምሮ እንደማይፈለጉ ነገራቸው። በዚያው ሳምንት ኬጂ ሦስት ለእኔ ተሰጠ፤ በኬጂ ሁለትም ሌላ መምህርት ተቀጠረች። የወደቁት ልጆች ደግሞ ክፍሉን እንዲደግሙ ተወሰነ። መምህርቷ ሲሰናበቱ የጆንያ ሥዕሎቻቸውን ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። «ለልጆቹ ይሁኑ» ብለው ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? እያንዳንዱን ዘርግቼ፣ ገልብጬ፣ ከጀርባው መልስ የተጻፈበት እንደሆነ ፈተሽኩ።

ክረምቱ ገባ። የተከራየነው ግቢ ውስጥ የአከራያችን ልጅ አለች፤ ክፍሉን እንዲደግሙ ከተወሰነባቸው አንዷ ናት። አንድ ቀን ካፊያው አስሮን ቤቴ ተቀምጠን ሳለ ሦስት የፕላስቲክ ኩባያ ደፋሁና ከአንዱ ሥር የባቄላ ፍሬ ደበቅኩ። «የት ነው?» አልኳት። ጣቷን በመጀመሪያው ኩባያ፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ላይ ቀስ ብላ አሳለፈችና በሦስተኛው ላይ ቆመች። አገኘችው። ደገምን፤ አገኘችው። አሁንም ደገምን፤ አገኘችው። ኩባያው ላይ ምልክት አለበት ብዬ ኩባያዎቹን ቀየርኳቸው። አሁንም አገኘችው። ያኔ ነው ልጅቷ ኩባያዎቹን እንደማታይ የገባኝ። የምታየው እኔን ነበር።

«እንዴት አወቅሽው?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ የምትነግሪኝ፣ ቲቸር!»

«እኔ? መቼ ተናገርኩ?»

ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፤ «እህ!» የደነገጠ ሰው የሚያሰማት ዓይነት፣ አጭር፣ ፈጣን። እኛ አገር ሰው ሲስማማ የሚያደርጋት ያቺ ትንፋሽ። «አዎ» ማለት ሲሰለቸን በእሷ ነው የምንተካው፤ ስልክ ላይ እናደርጋታለን፣ ለቅሶ ቤት እናደርጋታለን፣ ማድረጋችንን ግን አናውቅም። «ጣቴ ሲደርስ እንዲህ ትያለሽ» አለችኝ። «በፈተናው ጊዜም ስትይ ነው የቆምነው።»

«ይህን ማን ነገራችሁ? ቲቸራችሁ ናቸው?» አልኳት። አያችሁ፣ ያኔም አልለቀቀኝም።

«ማንም አልነገረን። ሁላችንም እናውቃለን።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። በረዶው ጣሪያውን ሲደበድብ ትንፋሼን ያልሰሙት አራቱ ልጆች ፊት ለፊቴ መጡብኝ። የዳይሬክተሩ የድንጋይ ፊትም መጣብኝ፤ እሱ ሲስማማም አይተነፍስም። ልጆቹ ታሪኩን አልተረዱትም ነበር፤ የተረዱት እኔን ነው። መልሱን ለልጆቹ የሰጠሁት ራሴ ሆኜ ሌባ ፍለጋ በር ላይ ስሰልል ከርሜያለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ለካ እኔን ኖሯል።

«ቲቸራችሁስ በር ላይ በጆሮሽ ምን አሉሽ?»

«ሂን ሶዳቲን፣ ጎፍታን ሲ ወጂን ጂራ» አለች። ከዚያ ኦሮምኛ የማልችል መሆኔ ትዝ አላትና «አትፍሪ፣ ጌታ ካንቺ ጋር ነው ማለት ነው» ብላ ተረጎመችልኝ። ኩባያዎቹን መልሳ ደፋችና በይ እንቀጥል በሚል ዓይን አየችኝ።

ሦስት ቀን ነገሩን በሆዴ ይዤ ከረምኩ። እውነቱን ልናገር፤ በሦስቱ ቀን አዘንኩ፣ አፈርኩ፣ ግን ደግሞ ሰሰትኩ። ኬጂ ሦስት በእጄ ነበር። በኬጂ ሁለት ሰው ተቀጥሮበታል፤ ከተናገርኩ ወዴት እመለሳለሁ? በመጨረሻ ለራሴ መላ አገኘሁ። ሄጄ መምህርቷን በግል ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለዳይሬክተሩ ግን አልነግረውም። የጆንያ ሥዕሎቹን በብብቴ ይዤ በባጃጅ በበቆጂ መውጫ በኩል ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ሲንገዳገድ የምናገረውን ቃል በቃል አጠናሁት።

ሰፌድ ይዘው ገብስ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሳያዩኝ እንደከረሙ ሰው ሳይሆን ትናንት እንደተለያየን ሰው «ግቢ፣ ልጄ፣ ጫማሽን ተዪው፣ ጭቃ ነው» አሉኝ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኩባያዎቹን፣ ባቄላውን፣ ትንፋሹን። ያጠናሁት ጠፍቶብኝ እንደመጣልኝ ነበር የተናገርኩት። ሲሰሙኝ ጣታቸው ከገብሱ ላይ አልተነሳም።

«አውቃለሁ» አሉ። «በሩን ገርበብ አድርገሽ ትተሽው አልነበር? እሰማሽ ነበር።»

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ምነው በዚያ ቀን ዝም አሉ?»

«ብናገር ታምኚኝ ነበር?»

አዎ ልላቸው ፈለግኩ። ጸሎት ነው ሲሉኝ ፈገግ ያልኩባቸው ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። የክፍል ልጆቻቸውን በሙሉ በስም እየጠሩ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁኝ። የአከራያችን ልጅ ክፍሉን እንድትደግም መወሰኑን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸው ቆመ።

«ለዳይሬክተሩ ትነግሪዋለሽ?» አሉኝ።

ላለመንገር ነበር ውሳኔዬ። ምላሴ ላይ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ጊዜ ይስጡኝ፣ ባለቤቴን ላማክር፣ እንዲህ ያለ ነገር። ቃሉን ከማውጣቴ በፊት ግን ትንፋሼ ወደ ውስጥ ሳብ አለ። «እህ!» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ሰማሁት።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰፌዱንም ወደ ጎን አደረጉት።

«ሰማሁሽ» አሉና እጃቸውን ለጆንያዎቹ ዘረጉ።