ሰር ኤቨራርድ ራሳቸውን ያልመረጡበት ቀን

እኔ ባለማዕረግ ሲያዩ ጉልበታቸው ከሚከዳቸው ሰዎች አይደለሁም። አባቴ ጄቤዝ ታርሎም እንደዚያ አልነበረም፤ መዘዛችን የመጣውም ከዚሁ ነው። ሰር ኤቨራርድ ዊንስታንን ሳስብ ግን ዛሬም፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

በኸርንቢ የምናርሰው ማሳና የምናድርበት ቤት የእሳቸው ነበር። ባሮኔት የሚለውን ማዕረግ ከአባታቸው የወረሱት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አብሮም ስድስት ሺህ ኤከር ውሃ ያቆረ መሬት ወረሱ። የአካባቢው ባላባት ሁሉ ለንደን ሄዶ ፈረስ ሲያወዳድር እሳቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ቦይ ያስቆፍራሉ፣ የሸክላ ቱቦ ያስቀብራሉ። አንድ ቀን የእኛ ማሳ ጥግ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጥፈው እናቴ አየቻቸውና፣ "ጌታው ሞቱ!" ብላ ጮኸች።

"አልሞትኩም፣ ወይዘሮ ታርሎ" አሉ ሳይነሱ። "ዝም ካሉልኝ ውሃው መሄዱን እሰማለሁ።"

ፓርላማ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠው የተናገሩት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱ ስለ ቦይ ነበር። አራተኛው ስለ ድልድይ ነው፤ እሱም ቦይ ላይ የሚሠራ ድልድይ ነበር።

ያን ጊዜ ድምፅ እንደ ዛሬው በወረቀት ታጥፎ ሳጥን ውስጥ አይገባም። መራጩ ገበያው መሃል በተሠራው የእንጨት መድረክ ላይ ይወጣና ማንን እንደመረጠ አገር እየሰማው ይናገራል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ መዝገቡም ታትሞ ይሸጣል። ጭሰኛ የሚመርጠው ጌታው የሚፈልገውን ነው። እምቢ ያለ በመጋቢት፣ በብሥራት በዓል፣ መሬቱን ይለቃል።

እስከዚያ ድረስ ሰር ኤቨራርድን የተወዳደራቸው አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ግን የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት የሆነው ብሬይስዌል ተወዳደራቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ግብር አስቀራለሁ ይል ነበር። አባቴ ደግሞ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ በሌላ ጸሎት ቤት የሚጸልይ ሰው ነው፤ ደጁን ረግጦት ለማያውቀው ቤተ ክርስቲያን ግብር ሲከፍል አንጀቱ እያረረ ኖሯል። በምርጫው ጠዋት እናቴ ጫማውን ደበቀችበት።

"በካልሲም ቢሆን እሄዳለሁ" አላት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያቀናነውን ቤት በአንድ ቃል ልታፈርሰው ነው?"

"ዝም ስል የኖርኩት የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ግን ስምህን ተናገር፣ ማንን ትመርጣለህ ይሉኛል። ዋሽቼ ልምጣልሽ?"

ጫማውን ወርውራ ሰጠችው።

መድረኩ ላይ ወጥቶ "ብሬይስዌል!" አለ። ከዚያ አንዱ ከታች፣ "ታርሎ፣ ጋሪ ላከራይህ? ዕቃህን ትጭንበታለህ!" ብሎ አሳቀበት። የሰር ኤቨራርድ ሹም ክሬክ እርሳሱን ልሶ ስሙን ጻፈ። ሰር ኤቨራርድ ግን ለመረጣቸው ሁሉ እንደሚያደርጉት ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱት። እኔ ከመድረኩ ሥር ሆኜ በፍርሃት የክሬክን እርሳስ አየሁ።

ምርጫው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሁለቱ እኩል ለእኩል ሆኑ። ያልመረጡት ሰር ኤቨራርድ ብቻ ነበሩ። በእኛ አገር ጨዋ ሰው የራሱን ስም አይጠራም፤ ድምፁን ለተቃዋሚው ይሰጣል። አባታቸውም አያታቸውም እንዲህ አድርገዋል። ብሬይስዌል ግን ጠዋት ዓይኑን በጨው አጥቦ ራሱን መርጧል።

ክሬክ እጅጌያቸውን ያዘ። "ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳን ይቅርብዎት! ሰውዬው ራሱን መርጧል!"

"ሰምቻለሁ። ጮክ ብሎ ነው የተናገረው።"

መድረኩ ላይ ወጡ። ጸሐፊው ማንን እንደሚመርጡ ጠየቃቸው።

"ሚስተር ብሬይስዌልን።"

የአያታቸው ወንበር በአንድ ቃል ሄደ፤ ተመልሰውም አልተቀመጡበት። ጅልነት ነው ያለ ብዙ ነው፤ ጅልነት ነው እንበል። እንዲህ ያለ ጅል ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ብሬይስዌልን ተሸክመው ሊጨፍሩ የመጡት ሠራተኞቹ እንኳ ለአፍታ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ብሥራት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ክሬክ አባቴን አስጠራው። እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ሰር ኤቨራርድ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠዋል፤ የታተመው የምርጫ መዝገብ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ ሰባት ስም በቀይ ተሰምሮበታል።

"ሰባት ጭሰኞች ናቸው፣ ጌታዬ" አለ ክሬክ። "በአንድ ድምፅ ነው የተሸነፍነው! አንዱ እንኳ አፉን ቢይዝ ኖሮ! ማስለቀቂያውን ጽፌዋለሁ፤ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።"

ሰር ኤቨራርድ አባቴን አዩት። "ታርሎ፣ በእኔ ላይ ቅሬታ አለህ?"

"በእርስዎ ላይ የለኝም፣ ጌታዬ። በግብሩ ላይ ነው።"

"ግብሩን ደግፌ ነበር፤ ይህን አውቀህ ነው ያልመረጥከኝ።" ቀዩን እርሳስ አነሡ፤ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ መስመር አሰመሩ። "አንዱን ዘለኸዋል፣ ክሬክ። ስምንት ናቸው።"

ክሬክ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ፊቱ ቀላ።

"ጮክ በል እንጂ" አሉት።

"ዊንስታን፣ ሰር ኤቨራርድ" አለ ክሬክ። "ለብሬይስዌል።"

"እንግዲህ ብሬይስዌልን የመረጠ ሁሉ ኸርንቢን የሚለቅ ከሆነ ከእኔ ጀምር። ዕቃዬ ብዙ ነው፤ ሦስቱ ሳምንት አይበቃኝም።" ማስለቀቂያዎቹን ሳይፈርሙ ገፋ አደረጓቸው። "ደህና ዋል፣ ታርሎ።"

አባቴና እኔ ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። "መቼ ነው የምንወጣው?" አለችው። አባቴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንደማንወጣ የነገርኳት እኔ ነኝ።