ተደብቃ አትበላም

እህቴ የሺሐረግ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አቃቂ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ስትመረምር ኖራለች። አንዲት ክር ብትዘል ዓይኗ አያልፋትም። ውሸት አትወድም። እኔ መሰለች የምባለው ታናሿ ግን በሰው ፊት ውሸታም አደረግኋት።

አምና ጥቅምት ላይ የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። መቶ ሃያ ስድስት ኪሎ ነበረች። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷ ደክሟል፣ የምንኖረው ደግሞ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያው ቀን፣ ያው ሐኪም ሃዊ ለምትባል የሰፈራችን ልጅም ያንኑ ቀዶ ጥገና አደረገላት። በስምንተኛው ወር ሃዊ አርባ አንድ ኪሎ ቀንሳ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ አጥብባ መጣች። የሺ አሥራ ሰባት።

አንድ ሐኪም፣ አንድ ቢላዋ፣ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከሆዷ ነዋ! ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ቁም ሳጥኗን ፈተሽኩ። ከፍራሹ ሥር፣ ከቦርሳዋ፣ ከጫማ ካርቶኗ ውስጥ አንድ ብስኩት እንኳ አላገኘሁም። አለማግኘቴ ይብስ አናደደኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታርፍ አገኘኋት።

«ተደብቀሽ እየበላሽ እንዴት አይከብድሽ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤቶቻችን በር ከፍተው ሰሙ። የሺ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር መሶብ አልቀረበችም።

ለቀጣዩ ክትትል ቃሊቲ ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ልከሳት ነው የሄድኩት።

እንደገባን «ተደብቃ ትበላለች» አልኩ። ሐኪሙ አልተቆጣም። «እስቲ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀምሱትን ሁሉ ይንገሩኝ» አላት።

ቆጠረችለት። በፍስክ ቀን አንድ እንቁላል፣ በጾም ሁለት ማንኪያ ምስር። ሁዳዴን ጾማለች፤ የንስሐ አባቷ «ታማሚ ነሽ» ብለው ቢፈቅዱላትም እሺ አላለችም። ረቡዕና ዓርብንም አትለቅም።

«ከዚያ መሰለች የምትበጠብጥልኝ በሶ አለ» አለች።

«በሶው ስኳር አለው?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አልኩ እኔ ቀድሜያት። «ስኳር በሽተኛ አይደለች? ማር ነው የማደርግላት። ንጹሕ የወለጋ ማር! በቀን ሦስት ትልልቅ ብርጭቆ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ማሩም ለእሳቸው ስኳር ነው። ደግሞ ጠጣር ምግብ በትንሹ ያጠግባቸዋል፤ ፈሳሽ ግን ሳያጠግብ ሾልኮ ያልፋል። ሦስት ብርጭቆ የማር በሶ ሌላ ማዕድ ማለት ነው።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ፊቴ ጋለ።

«ጥፋቱ የበሶው ብቻ አይደለም» ብሎ ቀጠለ። «ወጣት ሆኖ ስኳር የሌለበት ሰው ቶሎ ይቀንሳል። እርስዎ ሃምሳ አንድ ዓመትዎ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ኢንሱሊን ተወግተዋል። በተፈጥሮም ሰውነት ከሰውነት ይለያል። በሶውን ብንተወው ይሻልዎታል፤ ሌላ ሰው የቀነሰውን ያህል ግን ላይቀንሱ ይችላሉ።»

የሺ የተቀመጠውን ብዕር ወደ ሐኪሙ ገፋ አደረገች። ከዚያ «ይህንኑ ይጻፉልኝ፤ ማህተም ይኑረው» አለች።

«ለየትኛው መሥሪያ ቤት?»

«ለእህቴ።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ጻፈላት።

ከቃሊቲ እስከ ቤት ድረስ በታክሲው ውስጥ ወረቀቱን ከእጇ አልለየችም። ደረጃውን በዝግታ ወጣን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ፣ ያችው ቦታ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

«እዚሁ ነው የጮኽሽብኝ። ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

አነበብኩ። «ወይዘሮ የሺሐረግ ክብደታቸው በዝግታ የሚቀንሰው በዕድሜያቸው፣ በስኳር ሕመማቸውና በሚሰጣቸው የማር በሶ ምክንያት ነው። ተደብቀው አይበሉም።» በሮች ተከፈቱ።

«በሶውን ማነው የሚሰጣት?» አለች ጎረቤታችን አደሴ ከበሯ ብቅ ብላ።

ወረቀቱ ስሜን አልጠቀሰም። የሺ የደረጃውን ብረት ይዛ ጠበቀችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አልተሰማም» አለች የሺ።